ከመምህርነት ወደ ጤና መድን ለሚሻገሩ ወጣቶች

በሀገረ ሕይወት አምቦና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች፣ በጉደር፣ በጌዶ፣ በጊንጪና በባኮ፣ በመምህርነት ጥቂት ዓመታት ካገለገላችሁ በኋላ ወደ ሠራተኞች ጥቅማ ጥቅም አስተዳደርና ወደ ጤና መድን ሥራ ለመሻገር የምታስቡ ልጆቼ፤ ይህን ምክር መጻፌ የያዛችሁትን ጠመኔ እንድትጥሉ ለመገፋፋት ወይም በማስተማሩ እንድትቈዩ ለመገዘት አይደለም፤ የምትሄዱበት ጎዳና የት እንደሚያደርስና ከእናንተ ምን እንደሚሻ አስቀድማችሁ ታውቁ ዘንድ ነው። መምህርነትን መተው በብዙ ሽማግሌዎች ዘንድ እንደ ክሕደት ይቈጠራል፤ በብዙ ወጣቶች ዘንድ ደግሞ ከድህነት እንደ መውጣት ይታያል። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለኛል፤ ይኸውም የጤና መድን ሥራ ከቀድሞ ጀምሮ ከመምህራን ኑሮ ጋር የተሳሰረ፣ ዛሬም መምህር ያስፈልገኛል የሚል ሥራ መሆኑ ነው።

በሀገራችን በ1911 ዓ.ም. ገብቶ የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ በዚያው ወራት በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት የምትገኘውን የዳላስን ከተማ በመታ ጊዜ፣ የከተማይቱን ትምህርት ቤቶች በበላይነት ይመሩ የነበሩት ጀስቲን ፎርድ ኪምቦል የተባሉ ሰው፣ መምህራኑ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ ከመካከላቸው የታመመው የሚደጎምበትን ማኅበር አቋቋሙ። እኒህ ሰው ከዐሥር ዓመት በላይ ቈይተው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929፣ የቤይለር ዩኒቨርሲቲን የሕክምና ተቋማት እንዲያስተዳድሩ በተሾሙ ጊዜ የሆስፒታሉን ሒሳብ ቢመረምሩ፣ ዕዳቸውን መክፈል ካቃታቸው ሕሙማን መካከል ቀድሞ የሚያውቋቸውን የመምህራንን ስም አገኙ። ስለዚህ የዚያን የድሮ ማኅበር የሕመም መዝገብ አስመጥተው፣ ከመቶ መምህር ስንቱ ለስንት ቀን ይታመም እንደ ነበር ካሰሉ በኋላ፣ በወር ሃምሳ የአሜሪካ ሳንቲም የሚከፍል መምህር በሆስፒታሉ እስከ 21 ቀን ተኝቶ እንዲታከም የሚያስችል ውል አዘጋጁ፤ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ መምህራንም ገቡበት፤ ይህም ውል ከጊዜ በኋላ ብሉ ክሮስ ለተባለው ሰፊ የጤና መድን ድርጅት መሠረት ሆነ። ኪምቦል ሐኪም አልነበሩም፤ የመድን ሰውም አልነበሩም፤ የመምህርን ደመወዝና የመምህርን ጓዳ ግን ያውቁ ነበር፤ መዝገብም በወጉ አስይዘው ነበር።

የእኛም ሰው ከዚህ ጥበብ ባዕድ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲሉ አበው የተናገሩት የመድንን ምሥጢር አብዛኛውን ይገልጠዋል፤ ያልገለጠው አንድ ነገር ቢኖር፣ በመድን ዘንድ ሸክሙ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ የሚያውቅ አለመኖሩን ነው፤ ሰው በጤናው ቀን የሚያዋጣውም ስለዚህ ነው። በየቀበሌው ያለው ዕድር ለኀዘን፣ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ከገዳ ሥርዓት ጋር የኖረው ቡሳ ጎኖፋ ደግሞ ንብረቱን ላጣና ለተቸገረ ወገን የሚደረግ ሱታፌ ነው። መንግሥትም በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀምር፣ በቤተ ሰብ ደረጃ እየተዋጣ የታመመው የሚታከምበትን፣ መክፈል የማይችለውም ድኻ በመንግሥት ድጎማ የሚታቀፍበትን ሥርዓት ተከለ። ገበሬው ይህን በቶሎ የተረዳው፣ ስሙ አዲስ ቢሆንበትም ግብሩ የቈየ ስለ ሆነ ነው።

የደመወዝተኛው ነገር ግን እንደዚህ አልቀናም። የማኅበራዊ ጤና መድን ዐዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጥቶ፣ በኋላም በደንብ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ቢወሰንም፣ ሠራተኛው በመዋጮው ላይ ባነሣው ቅሬታ የተነሣ አፈጻጸሙ በየጊዜው እየተላለፈ ለብዙ ዓመታት ሳይጀመር ቈየ። በእኔ አስተያየት የዚህ መዘግየት ምክንያት የገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ከደመወዙ ምን እንደሚቈረጥ የተነገረው ሠራተኛ፣ በታመመ ቀን ምን እንደሚያገኝ ግን ተረጋግቶ የሚያስረዳው ሰው አልነበረውም። ልጆቼ ሆይ፣ የእናንተ መግቢያ በር ይህ ነው።

በሩም የሚገኘው በብዙ ስፍራ ነው። በአዳበርጋ ወረዳ ያሉት የሙገርና የዳንጎቴ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች፣ ባንኮችና እርሻዎች ሁሉ የሠራተኛውን ፈቃድ፣ ጡረታና የሕክምና ወጪ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅትና የግል መድን ሰጪዎችም የቡድን ሕክምና መድንን ለአሠሪዎች ይሸጣሉ፤ ወረዳዎችም የጤና መድን ባለሙያ አሏቸው። ይሁን እንጂ በመምህርነት ያካበታችሁት ብቻውን አይበቃችሁም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የንግድ ሕግ ሦስተኛ መጽሐፍ ስለ መድን የሚናገረውን ክፍል፣ የመድን ሥራ ዐዋጅ ቁጥር 746/2004ን፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቡ፤ ስታነቡም ለፈተና እንደሚያጠና ተማሪ ለመሸምደድ ሳይሆን፣ ነገ ለሌላ እንደሚያስተምር መምህር ለማብራራት አስባችሁ ይሁን። የዐረቦን አሰላልን፣ የካሣ ጥያቄ አመዘጋገብን፣ የሕክምና ማስረጃ አመረማመርን ግን መጽሐፍ ብቻውን አያስተምራችሁም፤ ከእናንተ በዕድሜ የሚያንስ የካሣ ሠራተኛ ቢሆን እንኳ ከአጠገቡ ተቀምጣችሁ ለመማር አትፈሩ።

አሁን ወደ ምክሬ ዋና ነገር እገባለሁ። ማንኛውም መምህር ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ «ገባችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ» የሚል መልስ እንደሚሰማ፣ ያም መልስ ምንም እንደማያስረዳ ያውቃል፤ ስለዚህ አንዱን ተማሪ አስነሥቶ የሰማውን በራሱ ቃል እንዲናገር ያዘዋል። የመድን ሥራ ሰዎች በብዛት የሚስቱት ይህንኑ ነው፤ ውሉን ካነበቡለት በኋላ ራሱን የነቀነቀ ሠራተኛ ሁሉ የተረዳ ይመስላቸዋል። ሠራተኛው ግን ያልተረዳውን የሚያውቀው በሆስፒታሉ ገንዘብ ተቀባይ መስኮት ፊት፣ ልጁን በክንዱ እንደ ታቀፈ ነው። ስለዚህ በውሉ ውስጥ አስቀድማችሁ የምታስተምሩት የሚሸፈነውን ሳይሆን የማይሸፈነውን ይሁን፤ መነጽርና የጥርስ ሥራ ተገልለው እንደ ሆነ፣ ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም ይታሰብ እንደ ሆነ፣ የወጪው ጣሪያ የት ድረስ እንደ ሆነ፣ ወላጆች በቤተ ሰብ ይቈጠሩ እንደ ሆነ በግልጥ ንገሩት፤ ከዚያም «እስቲ ነገ ባለቤትህ ብትታመም የት ትወስዳታለህ፣ ምንስ ይዘህ ትሄዳለህ?» ብላችሁ በራሱ ቃል አስመልሱት። ይህን በማድረጋችሁ የምታጡት ገዢ ይኖር ይሆናል፤ ዳሩ ግን ጣሪያው የት እንደ ሆነ አውቆ የገባ ሰው የድንገት ወጪ ባገኘው ቀን አይከሳችሁም፤ ሳያውቅ የገባ ሰው ግን ለጎረቤቱ ሁሉ መድንን የሚያማ ይሆናል፤ በአንድ ቸልተኛ አስረጂ ምክንያት ብዙ ቤተ ሰብ ከጥላው ውጭ ይቀራል።

ከዚህ ቀጥሎ በደመወዝ ስም የሚያታልሉ ነገሮች እንዳሉ ዕወቁ፤ ለሌላው ሰው ጥቅማ ጥቅም የምታስቡ ሰዎች የራሳችሁን ሳታሰሉ ብትሻገሩ ነውር ይሆናልና። በቀድሞው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅ ቁጥር 1064/2010 የታመመ ሠራተኛ ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ሦስት ወር እኩሌታ ያገኝ ነበር፤ በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጁ ግን ሙሉው ደመወዝ የሚከፈለው ለመጀመሪያው ወር ብቻ ሲሆን፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት እኩሌታው ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ዛሬ የሚሠራባችሁን ሕግ አይታችሁ፣ የደመወዙ ጭማሪ ልዩነቱን ይክስ እንደ ሆነ መዝኑ። በጡረታም በኩል በ2003 ዓ.ም. በወጡት ዐዋጆች 714 እና 715 በተተከለው ሥርዓት፣ ዐሥር ዓመት ያገለገለ ሰው የደመወዙን 30 በመቶ ሲያገኝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያውም 70 በመቶ ነው። እንግዲህ 12 ዓመት አስተምሮ በግል ድርጅት 13 ዓመት የሠራ ሰው፣ አገልግሎቱ ሁሉ ተደምሮ ከታሰበለት 48.75 በመቶ ይደርሰዋል፤ የመምህርነቱ ዘመን በማስረጃ ጉድለት ከቀረበት ግን 33.75 በመቶ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከትምህርት ቢሮው ሳትወጡ የአገልግሎት ማስረጃችሁንና የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን በእጃችሁ አድርጉ፤ የወጪ መጋራት ግዴታ ካለባችሁ አጣሩ፤ ስሕተት ካለ በሥራ ላይ ሳላችሁ አስተካክሉ፤ ማስታረሙ ከወጡ በኋላ ይከብዳልና።

አወጣጣችሁም ደግሞ ክብር ያለው ይሁን። በመጋቢት ክፍሉን ጥላችሁ ብትሄዱ፣ በሰኔ የሚፈተነው ልጅ የእናንተን ውሳኔ ዋጋ ይከፍላል፤ እስከ ዓመቱ ፍጻሜ ጠብቃችሁ፣ የተማሪዎቻችሁን ውጤት አስረክባችሁ፣ ተተኪያችሁን አስተዋውቃችሁ ውጡ። ለሥራው ፈላጊ ሆናችሁ በቀረባችሁበት ጊዜም መምህር መሆናችሁን እንደ ጉድለት አትደብቁት፤ ስድሳ ልጆች በአንድ ክፍል ይዞ ያስተማረ ሰው ለሦስት መቶ ሠራተኞች የጤና መድንን ማስረዳት እንደሚችል ለአሠሪው መናገር ትዕቢት አይደለም።

ለገንዘብ ብላችሁ ብትሻገሩም አልወቅሳችሁም፤ ልጅ ማሳደግና ወላጅ መጦር የተቀደሰ ምክንያት ነው፤ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ሸክምን ስለ መጋራት ሲጽፍ የሠራተኛን ደመወዝ አልነቀፈም። በአዲሱ ሥራችሁ ላይ ስትሆኑ ግን በየዓመቱ አንድ ቀን ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤታችሁ ሄዳችሁ፣ መምህራኑን በመምህራን ክፍል ሰብስባችሁ፣ የጡረታ ዘመናቸው እንዴት እንደሚታሰብና በሕመም ጊዜ ሕግ ምን እንደሚሰጣቸው ያለ ዋጋ አስተምሯቸው። ከእነርሱ የሚበዙት ይህን የሚጠይቁት ጡረታ በወጡ ማግሥት ነው፤ እናንተ ግን ገና በወጣትነታቸው ልትነግሯቸው ትችላላችሁ። ሥራችሁ ይባረክ።