የጫጉላው ገንዘብ

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፥ አብሮ አገር ማየት መልካም ነው። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ1223 የልደትን ግርግም ያሰናዳበትን ግሬቾን ጎን ለጎን ቆሞ ማየት ጸጋ ነው፤ ፎቶግራፍ በማንሣት ብቻ ካላለፈ።

በአሜሪካ ብዙ ቤተሰቦች በየልደቱ የሚያዩት፥ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣ «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» የተሰኘ ፊልም አለ። ጆርጅ ቤይሊ ዓለምን ሊዞር እንደ ተመኘ በትንሽ ከተማው ቀረ። በሠርጉ ዕለት ጎረቤቶቹ ያስቀመጡትን ገንዘብ በፍርሃት ሊያወጡ በተሰበሰቡ ጊዜ፥ ለጫጉላው ጉዞ የተያዘውን ገንዘብ አውጥታ ያቀረበችው ሙሽራይቱ ሜሪ ናት፤ እርሱ አልጠየቃትም። ያን ማታ ጣሪያው በሚያፈስ አሮጌ ቤት፥ የሩቅ አገር ሥዕሎች በተለጠፉበት፥ እራት አሰናድታ ጠበቀችው።

እንግዲህ ፊልሙን ስታዩ ከዚህ ስፍራ በደረሳችሁ ጊዜ እርስ በርሳችሁ ተያዩ፤ ለመጪው ጉዞ ካጠራቀማችሁት የሚያስፈልገው ጎረቤት እንዳለም ተነጋገሩ።