የቁስል ዋጋ

«ሽጉጥ» የሚለው ስም «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ የተሸሸገ፣ በመቀነት ወይም በብብት መሐል የተሰወረ ማለት ነው። ጠመንጃ በትከሻ ይነገታል፤ ከሩቅ ይታያል፤ ባለቤቱ ከመድረሱ በፊት መምጣቱን ያሳውቃል። ፉከራውና ቀረርቶው ያጀበውም ይህንኑ ገሃድነቱን ነው። ሽጉጥ ግን ከጋቢ ሥር፣ ከካፖርት ኪስ ይኖራል። አማርኛ ለዚህ መሣሪያ ስም ሲያወጣለት ብረቱንም ድምፁንም ትቶ ጠባዩን መምረጡ ሊስተዋል ይገባል።

ይህን ጠባይ ከሁሉ ይልቅ አጥብቀው የያዙት ከ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ጀምሮ በአውሮፓ የተሠሩት የኪስ ሽጉጦች ናቸው። አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ነድፎት በቤልጅግ አገር በሊየዥ አጠገብ የተመረተው ባለ 6.35 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ከአዋቂ ሰው መዳፍ እምብዛም አያልፍም። ጥይቱ ለአደን አይበቃም፤ ለጦር ሜዳም ደካማ ነው። የተሠራው ለአንድ ክፍል ስፋት፣ ለአንድ ጠረጴዛ ማዶ ነው፤ ይኸውም ተኳሹ ፊቱን ለሚያየው ሰው ማለት ነው።

ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ እነዚህን ሽጉጦች የሚሰበስቡ፣ የፋብሪካ ማኅተማቸውንና ተራ ቁጥራቸውን የሚመዘግቡ፣ አልፎ አልፎም ወደ ተኩስ ሜዳ ወስደው በወረቀት ዒላማ ላይ የሚሞክሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በአገራችን መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከፈቃድ ጋር የተሳሰረ ነው። የሰብሳቢዎቹ መከራከሪያ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሽጉጡ የጥበብ ሥራ ነው ይላሉ። ጥይቱ ሲፈነዳ የሚወጣው ኃይል ራሱ የላዩን ብረት ወደ ኋላ ገፍቶ ባዶውን ቀለህ ይጥላል፤ ሞላው ብረቱን ሲመልሰው ደግሞ አዲሱን ጥይት ያጎርሳል። (ማጉረስን የመሰለ የፍቅር ቃል ከዚህ ቦታ መገኘቱ የቋንቋችን አንዱ እንግዳ ነገር ነው።) ስለዚህ የማይተኮስ ሽጉጥ እንዳልተመታ ክራር ነው፤ ግድግዳ ላይ ሞቶ ይቀራል ባዮች ናቸው።

የክራሩ ምሳሌ ግን አይዘልቅም። ክራር በተመታ ቁጥር የተሠራበትን ግብ ሙሉ በሙሉ ይፈጽማል፤ ሽጉጥ በወረቀት ላይ ሲተኮስ ይለማመዳል እንጂ አይፈጽምም። በወረቀት ላይ የሚተኩሰውን ሁሉ በወንጀለኛነት መፈረጅ ግፍ ይሆናል። ሆኖም ወረቀቱ የማንን ደረት ተክቶ እንደቆመ መርሳት አይቻለውም።

ለመሆኑ ሰብሳቢው የሚገዛው ምንድን ነው? ይህን ከክርክሩ ይልቅ ገበያው በግልጽ ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 መገባደጃ፣ በኖቬምበር 30 ቀን፣ ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት በፓሪስ ስድስት ጎራሽ የሆነ ባለ 7 ሚሊ ሜትር ለፎሾ ሽጉጥ በ434,500 ዩሮ ሸጠ። የለፎሾ ሽጉጥ በዘመኑ በብዛት የተሠራ፣ ከማንኛውም የመሣሪያ መደብር የሚገኝ ተራ ዕቃ ነበር። ይኸኛው ግን እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1873 ፈረንሳዊው ገጣሚ ፖል ቬርሌን በብራስልስ ከተማ በጠዋት ገዝቶት፣ በዚያው ዕለት በወዳጁ በአርተር ራምቦ ላይ ሁለት ጊዜ የተኮሰበት ነው። አንዱ ጥይት የ18 ዓመቱን ገጣሚ ግራ አንጓ አቆሰለ፤ ቬርሌንም ወኅኒ ወረደ። ሠሪው ያው፣ ብረቱ ያው፤ የዋጋውን ልዩነት ያመጣው ቁስሉ ነው። እንግዲህ ገዢው «የእጅ ጥበብ ገዛሁ» ቢል ደረሰኙ ራሱ ይክደዋል።

ነገሩ ለአዲስ አበባ ሰው የሩቅ ወሬ ሆኖ አይቀርም። እጁ የቆሰለው ወጣት ውሎ አድሮ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ሆነ። በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ የተነሣ የጠመንጃ ቅፍለት እየመራ አንኮበር ገባ፤ ከዚያም ንጉሥ ምኒልክን ሊያገኝ እንጦጦ ወጣ። በግርጌው አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በዚያው ዓመት ነው፤ ከእንጦጦ ተነሥቶ በየካ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋው ተራራም ዛሬ የለበሰውን ባሕር ዛፍ ገና አላወቀም ነበር። ራምቦ ገና ታጁራ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1885 ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ የንግዱን ምስጢር አልሸሸገም። ጠመንጃዎቹ ከ40 ዓመት በፊት ከአገልግሎት የተጣሉ አሮጌዎች ናቸው፤ በሊየዥ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገኛሉ፤ ለሸዋው ንጉሥ ግን በ40 ፍራንክ ያህል ይሸጣሉ። ንጉሡም በዋጋ በቀላሉ የሚሸነፉ ሰው አልነበሩም። ሒሳቡን ቀነሱ፤ የሟቹን ሸሪኩን ዕዳ ያዙበት፤ ክፍያውንም ከሐረር ከራስ መኰንን እንዲቀበል አዘዙለት። ገጣሚው እያማረረ ወረደ።

ሁለቱን ዋጋዎች ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። እንጦጦ ላይ ከተራገፉት ጠመንጃዎች መካከል የትኛው ማንን እንደመታ የመዘገበ የለም፤ ከእነዚያ አንዱን በቁስሉ ምክንያት የሚጫረትበትም አይገኝም። የገጣሚ አንጓ የነካው ሽጉጥ ግን የሀብታም ቤት ዋጋ ያወጣል። ስለዚህ ሰብሳቢውን የሚስበው ቁስል ሁሉ አይደለም፤ ስም ያለው ሰው ቁስል ነው። የታሪክ ፍቅር በሚል ስም የሰው ልጅ ሥቃይ በማዕረግ ይደረደራል ማለት ነው። ከሽጉጡ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ድርደራ ነው፤ ምክንያቱም ሽጉጥ ነክቶ የማያውቅ መምህርና ደራሲም ሳያውቀው ይሳተፍበታል።

ሌላው ምስክር የኢጣሊያ መኮንኖች ይታጠቁት የነበረው የ1934ቱ ቤሬታ ነው። በዚህ ሽጉጥ ላይ ከተሠራበት ዓመት ጎን የፋሽስቱ ዘመን ቁጥር በሮማውያን አኃዝ ይቀረጽ ነበር። አኃዙ 15 ከሆነ ሰብሳቢው በመዝገቡ ላይ የምርት ዓመቱን ሞልቶ ያልፋል። ያ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት 1929 እስከ ጥቅምት 1930 ዓ.ም. የሚዘልቅ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉበት፣ ለሦስት ቀን የአዲስ አበባ ሕዝብ የታረደበት የካቲት 12 በውስጡ አለ። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት የተረሸኑበት ግንቦትም በውስጡ አለ። አንድ ማኅተም፣ ሁለት ንባብ። ሁለተኛው ንባብ የሽጉጡን ዋጋ በአንድ ሳንቲም አይጨምርም።

በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ለተመልካች ያቀረበው የሟቾችን አጽም፣ ልብስና ፎቶግራፍ ነበር። እናቶች በመስታወቱ ፊት ቆመው የልጃቸውን ሹራብ ለይተው ማወቅ ይችላሉ። አንድ ቤሬታ በእንዲህ ያለ ቤት ቢቀመጥ ከሥሩ በሚለጠፈው ካርድ ላይ ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ ፋብሪካው፣ ተራ ቁጥሩ መጻፋቸው አይቀርም። ካርዱ ላይ ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ቦታ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ካርዱን የሚጽፈው ሰው ነው።