ስለ አጋር አቁማዳና ስለ ዛሬው መድን

ልጅ ማጣት በሰው ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ኀዘን ነው። ሣራ መካን በሆነች ጊዜ አገልጋይዋን አጋርን ለአብርሃም ሰጠችው፤ አጋርም እስማኤልን ወለደች። በሦስቱ መካከል ውል አልተጻፈም፤ አጋርንም ፈቃድሽ ነውን ብሎ የጠየቃት እንደ ነበረ አልተነገረም። ኋላ ጠብ በተነሣ ጊዜ አብርሃም በማለዳ ተነሥቶ እንጀራና አንድ አቁማዳ ውሃ ሰጥቶ ከነልጅዋ ሰደዳት። ውሃውም በቤርሳቤህ ምድረ በዳ አለቀ። እንግዲህ ልጁ የማን ነው ብሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ሌላው ቤት የወለደች ሴት አቁማዳው ባለቀ ጊዜ ማን ይቆምላታል ብሎ መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው አብዝቶ የሚከራከረው በፊተኛው ነው፤ የኋለኛውን የሚያስብ ጥቂት ነው።

ዛሬ የሐኪሞች ጥበብ ነገሩን በሌላ መልክ አምጥቶታል። የሚስት እንቁላልና የባል ዘር ከማህፀን ውጭ በብርጭቆ ዕቃ ተዋሕዶ ፅንስ በሆነ ጊዜ፥ ወደ ሌላ ሴት ማህፀን ይገባል፤ እርስዋም ዘጠኝ ወር ተሸክማ ትወልዳለች። የወለደችው ልጅ በዘር ልጅዋ አይደለም፤ በዚህ ከአጋር ትለያለች። ዳሩ ግን ደም መፍሰስ፥ የደም ግፊት፥ በቀዶ ጥገና መውለድ፥ አልፎ አልፎም ሞት ከእርግዝና ጋራ የሚመጣ ነውና፥ ዘሩ የማን ነው ብሎ አይመርጥም። በዚህስ ከአጋር አትለይም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው፤ ከዚህ በታች የሚነገሩትም ዓመታት፥ ተለይቶ ካልተጻፈ በቀር፥ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ማህፀንዋ በቀዶ ጥገና የወጣ አንዲት ሚስት ከባልዋ ጋራ ሆና ከሌላ ሴት ጋራ ውል ተዋዋለች። ሴቲቱ ፅንሱን ተሸክማ ልትወልድና ልጁን ልታስረክብ፥ እነርሱም 10,000 ዶላር በየጊዜው ሊከፍሉ፥ ደግሞም የ200,000 ዶላር የሕይወት መድን ሊገቡላት ተስማሙ። ፅንሱ ከገባ በኋላ ግን ፍቅራቸው ተበላሸ። ባልየው፥ ሴቲቱ ከዚህ ቀደም ፅንስ እንደ ወረዳትና የሞተ ልጅ እንደ ወለደች ሳትነግረን ቀረች ብሎ ተቀየመ፤ እርስዋም፥ መድኑን ለማግኘት በሚገባ አልተጉልኝም ብላ ተቀየመች። ከዚያም የቀረውን ገንዘብ ካልከፈላችሁኝ ልጁን አልሰጥም የሚል ደብዳቤ ጻፈች። ሕፃኑ ሳይወለድ ነገሩ ከዳኛ ፊት ደረሰ።

በ1993 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደ። የወለደችውም እንቁላሉን የሰጠችውም በሕጉ እናት ለመባል ማስረጃ አላቸው፤ ሁለቱ በተለያዩ ጊዜ ግን ልጁ እንዲወለድና የራስዋ አድርጋ ልታሳድገው ከመጀመሪያ ያሰበችው እናት ናት አለ። ዳኛ ጆይስ ኬናርድ በዚህ አልተስማሙም፤ አሳብ ብቻውን አይበቃም፥ ለሕፃኑ የሚሻለው ሊመረመር ይገባል ብለው ለብቻቸው ጻፉ። ልብ ብሎ ለተመለከተው ግን፥ ሁለቱም ወገኖች የመለሱት ልጁ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ነው። ለጠቡ አንዱ ምክንያት የነበረው የመድኑ ነገር በእናትነት ፍርድ መልስ የሚያገኝ አልነበረም።

መልሱን ኋላ የፈለጉት ሕግ አውጪዎች ናቸው። ካሊፎርኒያ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለቱ ወገኖች የየራሳቸው ጠበቃ እንዲኖራቸው፥ ውሉም የፅንሱ መድኃኒት ሳይጀመር ተፈርሞ እንዲረጋገጥ፥ ኋላም የሴቲቱና የሕፃኑ የሕክምና ወጪ በምን እንደሚከፈል እንዲገለጽ አዘዘች። የኒው ዮርክ ግዛት በ2021 ዓ.ም. ባጸናችው ሕግ፥ ወላጆች የሚሆኑት ሰዎች ለሴቲቱ ከወለደች በኋላ እስከ 12 ወር የሚደርስ የጤና መድን፥ ደግሞም ኩባንያው የሚቀበላት እስከ ሆነ ድረስ ከ750,000 ዶላር የማያንስ የሕይወት መድን እንዲገቡላት አደረገች። የሕንድ አገር ሕግ ደግሞ በዚያው ዓመት ወጥቶ፥ ከሕክምና ወጪና ከመድን በቀር ለሴቲቱ ምንም ዋጋ እንዳይከፈል ከለከለ፤ መድኑ ግን 36 ወር እንዲዘልቅ አዘዘ። እነሆ፥ ኒው ዮርክ ዋጋውን ፈቀደች፥ ሕንድ ከለከለች፤ በመድኑ ግን ሁለቱም ተስማሙ። ምነው ቢሉ፥ ዋጋና መድን አንድ ስላይደሉ ነው።

መድን በአማርኛ አስቀድሞ ዋስ ማለት ነው፤ ስለ ሌላው ዕዳ የሚቆም ሰው ነው። ሴቲቱ በፈቃድዋ ተዋውላለች፥ ዋጋዋንም ተቀብላለች፥ ከዚያ ወዲያ ምን ዕዳ አለ የሚል ይኖራል። ለዚህ መልሱ እንዲህ ነው፦ ዋጋ የሚከፈለው ስለ ድካም ነው፤ ድካም ይቆጠራል፥ ቀኑም ያልቃል። የገዛ ልጆችዋን ያለ እናት የሚያስቀር አደጋ ግን በደመወዝ አይመዘንም፥ ልጁ በተሰጠ ማግሥትም አያበቃም። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ውሉን ከመፈረሙ በፊት የመድኑን ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር ያነባል። ስለ ሌላ ሰው የተፀነሰውን ፅንስ ወጪ አልከፍልም የሚል የጤና መድን አለና፤ የከፈለውንም ከሴቲቱ ገንዘብ መልሶ የሚጠይቅ አለና። ስለ ሕፃኑም አስቀድሞ ያስባል። በ2008 ዓ.ም. አንድ የጃፓን ባልና ሚስት በሕንድ አገር በሌላ ሴት ማህፀን ልጅ አስፀንሰው፥ ሕፃኒቱ ሳትወለድ ተፋቱ፤ እርስዋም ወደ ጃፓን እስክትገባ ድረስ ወራት ፈጀ።

ይህን ውል ከሥሩ የሚነቅፉም አሉ፤ ማህፀን እንደ ቤት አይከራይም፥ ሕፃንም በውል አይሰጥም ይላሉ። ነገራቸውም ቀላል አይደለም። ኢጣልያ በ2024 ዓ.ም. ዜጎችዋ ወደ ውጭ አገር ሄደው ቢያደርጉት እንኳ እንዲቀጡ ሕግ አውጥታለች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም እናትነት የሚታወቀው በመውለድ ነው ይላል። እንግዲያስ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባልና ሚስት እንዲህ ያለ ውል ቢዋዋሉ፥ በዚያ የጸና ወረቀት በሌላው አገር ሁሉ ሳይመረመር ይጸናል ብለው ሊያስቡ አይገባም። ነገር ግን ውሉን የሚነቅፍ ሰው፥ ነገሩ ከመጀመሪያው ስሕተት ነበርና ለሴቲቱ የሚገባት የለም ሊል አይችልም። የአጋር ነገር በመልካም አልተጀመረም፤ ቢሆንም መጥፎው ጅማሬ የአብርሃምን ቤት ከዕዳ ነጻ አላወጣውም፤ ይልቁንም ዕዳውን አበዛው።

በምድረ በዳ ለአጋር የውሃውን ጉድጓድ ያሳያት እግዚአብሔር ነው። ይህ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው እንጂ የአብርሃም ስጦታ አይደለም። ጉድጓድ ይገኛል ብሎ በአንድ አቁማዳ ውሃ የሚሰድድ ሰው በእግዚአብሔር ቸርነት የራሱን ዕዳ ይከፍላል። ልጅ የሚፈልግ ሰው የሕፃኑን አልጋ ከማንጠፉ በፊት፥ ልጁን ተሸክማ የምታመጣለት ሴት ብትታመም በምን እንደምትታከም፥ ብትሞትም ልጆችዋ በምን እንደሚያድጉ ይጠይቅ።