የሚያስፈራ መሣሪያ ሰላም ይሰጣልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ «ጠላትን በማስፈራት ሰላምን መጠበቅ ለክርስቲያን ይገባዋልን?» የሚል ነው። ነገሩ የኃያላን መንግሥታት ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በእኛው በዋድላ ምድርም አልፏል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በዋድላ ደጋ አልፈው የዥጣን ገደል አስቆፍረው መንገድ አወጡ። የእንግሊዝ ጦርም ከቤተ ሖር ወደ ደላንታ የተሻገረው በዚያው መንገድ ነበር። መድፉ ጠላትን አላስቀረም፤ መንገዱ ግን ለጠላት ተመቸ። በስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ ብዙ መቶ ወገኖቻችን በአዲሱ የእንግሊዝ ጠመንጃ ወደቁ። ይህም የሆነው ጌታ ጴጥሮስን ሰይፉን እንዲመልስ ያዘዘበትን ሌሊት በምናስብበት ሳምንት ነው።

አንዳንድ ወንድሞቻችን «መሣሪያ የሌለውስ ምን አገኘ?» ይሉናል። ጥያቄያቸው እውነት አለው። ኢጣልያ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን ውል ፈርማ ሳለች፣ በ1928 ዓ.ም. በአሸንጌ ሐይቅ ዳር በሕዝባችን ላይ ጋዝ አዘነበች። ውል ብቻውን አላዳነንም። ይሁን እንጂ ጋዙ በእኛ እጅ ቢኖር ኖሮ የሮማን ሕፃናት እናቃጥል ነበርን?

ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. አንድ ቦምብ ሂሮሺማን አጠፋ። ከዚያ ወዲህ ባለ ኑክሌር መንግሥታት «ብትነኩኝ ከተማችሁን አነዳለሁ» እየተባባሉ ይኖራሉ። ዛቻው የሚሠራው ግን ዛቹ ለማድረግ ከቆረጠ ብቻ ነው። ስለዚህ ንጹሐንን የመግደል አሳብ በልብ ውስጥ ዕለት ዕለት ይኖራል፤ ጌታም የሚመረምረው እጅን ብቻ ሳይሆን ልብንም ነው። የአፍሪካ አገሮች በ1988 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ይህን መሣሪያ ላለመያዝ ተፈራርመዋል።

ዛሬ ደግሞ ድሮን መጥቷል፤ የክልላችን ሰው ድምፁን ያውቀዋል። ተኳሹ በሩቅ ተቀምጦ ይገድላል፤ የሟቹን ለቅሶ አይሰማም። ርቀት ግን ኃጢአትን አያቀልም።

እንግዲህ አገርን መጠበቅ ነውር ነው አንልም። እረኛ በትር የሚይዘው ጅብን ሊመልስ ነው። የጎረቤቱን ሕፃን መያዣ አድርጎ «ሰላም አወረድሁ» ቢል ግን ማን እረኛ ይለዋል? ነገ ወታደር፣ መሐንዲስ ወይም ሹም የምንሆን ወጣቶች፣ «ይሠራልን?» ከማለታችን በፊት «በማን ላይ ይወድቃል?» ብለን እንጠይቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።