ከወንዙ ወዲህና ወዲያ

ልጄ፣ ሁለቱም ኮሌጆች ተቀበሉኝ ብለሽ ስትደውዪ እናትሽ ከኋላ እልል ስትል ሰማኋት። እንኳን ደስ ያላችሁ። «ጋሼ፣ ለሒሳብ የትኛው ይሻለኛል?» ላልሽኝ ግን በስልክ የሚያልቅ መልስ አልነበረኝም። አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ እዚህ ደግሞ የኤርፖርት ታክሲ እነዳለሁ። የምልሽ ከሁለቱም የተለቀመ ነው።

ሁለቱም ያሉባትን ኖርዝፊልድን ታውቂያታለሽ፤ ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ፣ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ነፋሱ ከቀናው ከተማዋ በሙሉ የሲሪያል ፋብሪካው ሽታ ያውዳታል። ካነን የሚሉት ወንዝ መሐሏን ይሰነጥቃል። ካርልተን ከወንዙ በስተምሥራቅ ነው፤ በፈረንጆቹ 1866 ተመሠረተ፤ ሁለት ሺህ ገደማ ተማሪ አለው። ሴይንት ኦላፍ ከማዶ ኮረብታው ላይ ነው፤ ከኖርዌይ የመጡ ሉተራኖች በ1874 ያቋቋሙት፣ ሦስት ሺህ ገደማ ተማሪ ያለው። ሁለቱም ጋ የማስተርስም ሆነ የዶክትሬት ተማሪ የለም። ይህን ነገር ቀላል አድርገሽ አትይው። የጀማሪውን ካልኩለስ የሚያስተምርሽ ፕሮፌሰሩ ራሱ ነው፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ አጋዥ እጅ ሲፈልግም የሚጠራው እንዳንቺ ያለውን ነው።

የደረጃ ዝርዝር እየላኩ «ይኼኛው ይበልጣል» የሚሉሽ ዘመዶች እንዳሉ አውቃለሁ። እኔም እንደነሱ ነበርኩ። የራሴን ልጅ «ስሙ የገነነው ይሻልሃል» ብዬ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አስገባሁት። ሦስት መቶ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ተቀመጠ፤ ያልገባውን የሚጠይቀው አጥቶ ዝም አለ። በሁለተኛው ዓመት ሒሳብን ተወው። በአሥር ዓመቱ የሱቅ ሒሳብ በቃሉ ይደምርልኝ የነበረ ልጅ! ጥፋቱ የኔ ነው፤ መጠየቅ የሚያፍር ልጅ መሆኑን እያወቅኩ ነው የላክሁት።

እንግዲህ የሁለቱ ኮሌጆች ልዩነት ከደረጃው ይልቅ አረማመዳቸው ላይ ነው። ካርልተን ዓመቱን በሦስት ይከፍለዋል፤ አንዱ ወቅት አሥር ሳምንት ነው፤ ባንድ ጊዜ ሦስት ትምህርት ትወስጃለሽ። ጥቂት ነው ብለሽ እንዳትዘናጊ። በሦስተኛው ሳምንት ጉንፋን ቢጥልሽ በአምስተኛው ፈተና ይጠብቅሻል። ሴይንት ኦላፍ በሁለት ሴሚስተር ነው የሚሄደው፤ በመሐል ጃንዋሪን ለብቻው አውጥቶ ወሩን ሙሉ አንድ ትምህርት ብቻ ያስተምራል። አንቺ እንደ እናትሽ ነሽ፤ ነገር ቀስ ብሎ ይገባሽና ከገባሽ በኋላ አይወጣም። ለእንዲህ ያለ ሰው አሥር ሳምንት ሊያጥር ይችላል። ይህ የኔ ግምት ነው፤ የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

ጎረቤት ናቸውና ካንዱ የጎደለኝን ከሌላው እወስዳለሁ ብለሽም አትመኪ፤ ካላንደራቸው አይገጥምም።

ባለፈው ጥቅምት የጓደኛዬን ልጅ ይዤ ሄጄ ከሁለቱ ባንዱ ክፍል ገብቼ ተቀምጬ ነበር፤ እንዳላዳላ የትኛው እንደሆነ አልነግርሽም። ተማሪዎቹ አሥራ አራት ናቸው። አንዷ ተነሥታ፣ እየጨመረ ብቻ የሚሄድ የቁጥር ሰልፍ ወደ አንድ ቁጥር መጠጋቱ አይቀርም ብላ ሰሌዳው ላይ ማረጋገጥ ጀመረች። መምህሩ ተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስሕተት ነው አላላትም። «1፣ 2፣ 3 እያልን ብንቀጥልስ?» አላት ብቻ። ልጅቷ ቾኩን ይዛ ቆመች፤ ከዚያ ሳቀችና በእጅጌዋ ጠርጋ «ጣሪያ ካለው» የሚለውን ጨምራ እንደገና ጀመረች። እኔ ባስተማርኩበት ዘመን እንዲያ ያለችውን ልጅ «ተቀመጪ» ነበር የምላት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እውነት የሚመስለውን የሚያፈርስ ምሳሌ መፈለግ በዚያች ከተማ የቆየ ሙያ ነው። ሊን ስቲን እና አርተር ሲባክ የተባሉ የሴይንት ኦላፍ መምህራን በ1970 ቶፖሎጂ ከሚባለው የሒሳብ ዘርፍ እንዲህ ያሉ ምሳሌዎችን ብቻ የሰበሰበ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ የሒሳብ ሰዎች ዛሬም ያነሡታል።

የትንሽ ኮሌጅ ችግሩ ሌላ ነው፤ ከፍ ያለው ትምህርት ቶሎ ያልቃል። ሁለቱንም ጠይቂ፦ ቶፖሎጂ በየዓመቱ ይሰጣል ወይስ በየሁለት ዓመቱ? ከሪል አናሊሲስ ቀጥሎ ምን አለ? አምና የተመረቁት በጋውን የት ምርምር ሠሩ? በአሜሪካ መንግሥት የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሚካሄደው የበጋ ምርምር አበል አለው፤ የሚቀበለውም ዜጋና ግሪን ካርድ ያለውን ነው። አንቺ ግሪን ካርድሽ በእጅሽ ነው፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረሽ ተመልከቺው።

ገንዘቡን በአጭሩ ልበልሽ። የሁለቱም የተለጠፈ ዋጋ በዓመት ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ አትደንግጪ፣ እንደናንተ ያለ ቤተሰብ ያንን አይከፍልም። የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤዎቻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጪና ግራንት የሚለውን፣ የማይመለሰውን ስጦታ ብቻ ደምሪ። ሎን ዕዳ ነው፤ ወርክ ስተዲም ሠርተሽ የምታገኚው እንጂ ተቆጥሮ የሚሰጥሽ አይደለም። አባትሽ ከጥር ወዲህ የሥራ ሰዓቱ ተቀንሶበታል፤ የድጋፍ ማመልከቻው የተሞላው ግን በድሮው ደመወዝ ነው። ማስረጃውን አያይዛችሁ እንደገና እንዲያዩላችሁ ጻፉ። አባትሽ ያፍራል፤ ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል በይልኝ።

መልስ የምትሰጪበት ሜይ 1 በእኛ ሚያዝያ 23 ነው፤ እናትሽ የጊዮርጊስ ዕለት መሆኑን ስታውቅ ምልክት ነው ማለቷ አይቀርም። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱም ጋ ክፍል ገብተሽ ተቀመጪ። ቅዳሜ አይሆንም፤ ቅዳሜ የሚያሳዩሽ ሕንፃ ብቻ ነው። ማክሰኞ ታክሲውን አሳርፋለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት በራችሁ ላይ እጠብቅሻለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትሳሳቺ፤ በነሱ 7 ሰዓት መሆኑ ነው።