በፈቃድ የጀመሩትን በፈቃድ መተው ይቻላልን?

በጎ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ያለ ደመወዝ ያገለግላል፤ ውል አልፈረመም፤ አለቃም የለበትም። ታዲያ በፈቃዱ እንደ መጣ በፈቃዱ ቢቀር በደለኛ ይባላልን? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በየቁምስናችን ችግረኛ ቤተሰብ ለመርዳት የሚነሡ ሁሉ ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ የገጠር ቀበሌ፣ ማለትም ለ5,000 ሰው ገደማ፣ ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ ታስቦ ነበር። በአንድ ቤት አምስት ሰው ቢኖር ሁለቱን ሴቶች 1,000 ቤት ይጠብቃቸዋል ማለት ነው። ሠራተኛዋ ክትባት ትሰጣለች፤ ነፍሰ ጡሯን ትመክራለች፤ ሕመም የጸናበትን ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ይሁን እንጂ ለታመመች እናት ዘወትር ውኃ መቅዳት፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ አጠገቧ ተቀምጦ ማጫወት ከአቅሟ በላይ ነው። በጎ ፈቃደኛ የሚያስፈልገው በዚህ ስፍራ ነው።

እኔም ከዓመታት በፊት ከአንዲት እንዲህ ካለች ሠራተኛ ጋር ሆኜ አንዲት የታመመች እናትን በየማክሰኞው ለመጠየቅና ውኃ ለመቅዳት ቃል ገባሁ። አምስት ሳምንት ሄድሁ፤ ከዚያ ሥራ በዛብኝና ሳልናገር ቀረሁ። ከወር በኋላ ስመለስ እናቲቱ አልወቀሰችኝም። ነገር ግን ቀድሞ ውኃ ታመጣላት የነበረችውን ጎረቤቷን «ሰው አግኝቻለሁ፣ አንቺ ዕረፊ» ብላ እንዳሰናበተቻት፣ እኔ ከቀረሁ በኋላም መልሳ ለመለመን አፍራ እንደ ነበር ከሠራተኛዋ ሰማሁ። የሰጠሁት ብቻ ሳይሆን የወሰድሁትም ነገር እንደ ነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«ማንም አላስገደደኝም፤ ብቀር የማንን ወሰድሁ?» የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ ከበጎ ፈቃደኞች ብዙዎቹ ራሳቸው ችግረኞችና የልጆች ወላጆች ናቸውና። ነገር ግን ነጻነቱ ያለው ከመግባታችን በፊት ነው። እድር የሚገባ ሰው ተገዶ አይገባም፤ ከገባ በኋላ ግን ከቀብር ቢቀር መቀጫ ይከፍላል፤ ሌሎች በእርሱ ተማምነዋልና። ግዴታን የሚወልደው ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ሰው በቃላችን ተማምኖ ኑሮውን ሲያደራጅም ግዴታ ይወለዳል።

ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ይህን ቀደም ብሎ ተረድቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1617 በፈረንሳይ አገር በሻቲዮን ቁምስና ስለ አንድ በሕመምና በችግር ስለ ተያዘ ቤተሰብ ቢሰብክ፣ ሕዝቡ በዚያው ቀን ምግብ ይዞ ጎረፈ። እርሱ ግን ርኅራኄው ብዙ፣ ሥርዓቱ ጥቂት መሆኑን አስተዋለ፤ ዛሬ የተትረፈረፈው ምግብ ይበላሻል፣ ነገም ቤተሰቡ ይራባልና። ስለዚህ ሴቶቹን አሰባስቦ በየተራ እንዲያገለግሉ ማኅበር አቋቋመላቸው።

እንግዲህ ጥቂት ቃል እንግባ፤ የገባነውን እንጠብቅ። አንዱ ቢታመም ሌላው እንዲተካ ሁለት ሁለት ሆነን እንሂድ። ማቆም ግድ ቢሆንብን አስቀድመን ለቤተሰቡና ለሠራተኛዋ እንንገር፤ ተተኪውንም ይዘን ገብተን እናስተዋውቅ። እንዲህ ያደረገ ሰው ቢያቆምም በደለኛ አይደለም። የቀድሞዋን ጎረቤት ከመተካት ይልቅም ከእርስዋ ጋር እንሥራ፤ እኛ በሄድን ጊዜ የምትቀረው እርስዋ ናትና።