ስለ ሰጪና ስለ ባለ አደራ

በአንድ ምሰሶ ብቻ የቆመ ጎጆ፥ ምሰሶው የተነቀለ ዕለት ይወድቃል። ችግረኛን ለመርዳት የተቋቋመ ማኅበርም ሰጪው አንድ ብቻ ከሆነ ዕድሉ እንዲሁ ነው።

ለዚህ ሩቅ ምስክር አያሻም። በ2001 ዓ.ም. በአገራችን የወጣው አዋጅ ቁጥር 621፥ ስለ ሰብአዊ መብት የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ አገር የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ ወሰነ። ብዙዎቹ የሚኖሩት ከባሕር ማዶ በሚመጣ ገንዘብ ስለ ነበረ ሥራቸውን አጠበቡ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ። ደግሞም በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታው ለጊዜው እንዲቆም ባዘዘ ጊዜ፥ በርሱ የቆሙ ብዙ ሥራዎች በጥቂት ቀን ውስጥ ተቋረጡ። በሁለቱም ጊዜ ዋናው ተጎጂ ሰጪው አይደለም፤ ርዳታውን ሲጠባበቅ የነበረው ችግረኛ ነው።

ነገር ግን፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የአንድ ሰጪ ጉዳቱ ይህ ብቻ እንዳይመስልህ። ሌላው ጉዳት በልብ ውስጥ ነው። ሥራ በከሸፈ ወይም ገንዘብ በባከነ ጊዜ፥ «ብነግረው ይሸሸኛል» በማለት ባለ አደራው ይደብቃል። ምሥራች ብቻ የሚነገረው ሰጪ ግን የተታለለ ሰው ነው እንጂ ወዳጅ አይደለም።

እውነት ነው፥ ጥፋቱን ሲሰማ የሚሸሽ ሰጪ አይጠፋም። ብዙ ሰጪ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው፤ አንዱ ቢቀየም ችግረኛው እንዳይራብ፥ ባለ አደራውም እውነቱን ለመናገር እንዳይፈራ።

ይህን ጥበብ በየሰፈራችን ካለው እድር እንማር። አባሉ ሁሉ በየወሩ ጥቂት ያዋጣል፤ ሒሳቡም በአባላቱ ጉባኤ ፊት ይነገራል፤ ባለጸጋውም ድኻውም የመጠየቅ መብት አላቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው መባሉ በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ አንድ ቀን ገንዘብ የመሰብሰብ አደራ ቢጣልብህ፥ ባለ ሺውን ስታመሰግን ባለ አንድ ብሩን አትርሳ። ያጎደልኸውን ሳትጠየቅ ተናገር። በእጅህ ያለው ገንዘብ ያንተ አይደለም፤ ከሰጪው እጅም ወጥቷል፤ ባለቤቱ ደጅህ ቆሞ የሚጠብቅህ ችግረኛ ነው።